የፍሪጇ ዋስ

ጋሽ መኩሪያ ማረፋቸውን የነገረኝ ከሱቃችን ጀርባ ጁስ ቤት ያለው ሙላት ነው። ጠዋት የሱቁን የብረት በር ወደ ላይ እየገፋሁ ሳለ መጣና፣ "ቤዚ፣ ያ ባለ ፔርሙዙ ሽማግሌ አረፉ እኮ፤ አልሰማሽም?" አለኝ። እጄ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። "የትኛው ሽማግሌ?" አልኩት። ጦር ኃይሎች ላይ ጠዋት ጠዋት ፔርሙዝ ይዞ የሚያልፍ ሌላ ሽማግሌ ያለ ይመስል! ገና አፉን ሲከፍት ገብቶኛል፤ ግን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው ለአፍታም ቢሆን ያልገባው መሆን ይፈልጋል።

ሙላት እሳቸውን ከየት እንደሚያውቃቸው መጠየቅ ትዝም አላለኝ። እዚህ አካባቢ ሁሉም ሁሉንም ያውቃል፤ ማን ማንን ከየት አወቀ ተብሎ አይጠየቅም። በሩን መልሼ አወረድኩት። ከዚያ ደግሞ የምሄድበት ስለሌለኝ እንደገና ከፈትኩት።

"ዋሴ" ብለው የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስሜ ቤዛ ነው፤ ከተዋወቅንበት ቀን በቀር ግን ቤዛ ብለው ሲጠሩኝ አላስታውስም። ሱቁ በደንበኛ በተሞላበት፣ አለቃዬ አጠገቤ በቆመበት ሰዓት ከበሩ ላይ ሆነው "ዋሴ! እንዴት አደርሽ?" ይላሉ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አዲስ የገባች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የአባቴ ስም መስሏት ስልኳ ላይ "ቤዛ ዋሴ" ብላ መዝግባኛለች። እስካሁን አላረምኩላትም፤ አሁንማ ጭራሽ አላርማትም።

የምሠራው ጦር ኃይሎች አካባቢ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ቴሌቪዥን የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ሽያጭ ነኝ። ከዕቃው ጋር የአንድ ዓመት ጋራንቲ አብሮ ይሰጣል። የኛ ሥራ ደግሞ እሱ ሲያልቅ የሚቀጥል ተጨማሪ ዋስትና እንዲገዙ ደንበኞችን ማግባባት ነው። እውነቱን ልናገር፣ የአለቃችን ፊት የሚፈታው ፍሪጅ ስንሸጥ ሳይሆን ያቺን ወረቀት ስንሸጥ ነው። "ሐሳብ እንዳይገባዎት ነው፤ ተረጋግተው ይተኙ" በሉ ተብለናል፤ እንላለንም። ደንበኛው ሁሉ ታዲያ ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ "አንቺ ብትሆኚ ትገዪው ነበር?" ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የገዛውም ብልጥ ነኝ ይላል፣ ያልገዛውም ብልጥ ነኝ ይላል፤ ዕቃው እስኪበላሽ ድረስ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ጋሽ መኩሪያ የመጡ ዕለት ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ለሠርግ የተጠሩ ነበር የሚመስሉት። ፍሪጆቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ እየዘጉ ዞሩና አንዷ ፊት ቆሙ። ከሁሉ ትንሿ ናት።

"ይቺ ትበርዳለች?" አሉኝ።

"ፍሪጅ አይደለች እንዴ ጋሼ፤ መብረድ ሥራዋ ነው።"

"ሥራው የሆነ ሁሉ ይሠራል?" አሉና ሳቅ አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። "ልጄ፣ ለጌጥ አይደለም የምፈልጋት። ባለቤቴ ስኳር አለባት። መርፌዋ ሙቀት አይወድም። እስካሁን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ማሰሮ ውስጥ ነበር የምናኖረው፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ተቆጣችን። አሁን ዕቁብ ደረሰኝና መጣሁ። ይቺ ብትቆም የምትቆመው ዘነበች ናት፤ ተረዳሽኝ?"

ተረድቻቸዋለሁ አልኩ። ተረድቼም በአፌ የመጣው ያው የለመድኩት ነገር ነው። "እንግዲያውስ ጋሼ፣ ለእርስዎ የሚሆን ነገር አለን። ትንሽ ከጨመሩ ጋራንቲው ካለቀ በኋላም የሚቀጥል ዋስትና እንሰጣለን።"

ጆሯቸውን ወደኔ ዘንበል አደረጉ። "ዋስትና? ዋሱ ማነው?"

"ማለት?"

"ዋስትና አለ አላልሽም? ዋስ የሆነው ሰውዬ የታለ?"

"ሰው አይደለም ጋሼ፤ ድርጅቱ ነው። ወረቀት ይሰጥዎታል።"

"ወረቀት!" አሉ፤ አጠገባችን ቴሌቪዥን የሚያዩት ባልና ሚስት ሳይቀሩ ዞሩ። "ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወረቀት ለኔ? ወረቀት አያፍርም። ዋስ ማለት ፊት ያለው ነው። ሄደሽ ዓይን ዓይኑን እያየሽ 'ምነው ጉድ ሠራኸኝ' የምትዪው፣ እሱም መሬት መሬት የሚያየው። ይሄ ወረቀት መሬት መሬት ያያል?"

አለቃዬ ከወዲያ በኩል እያየኝ ነው፤ ሌላ ደንበኛ ይጠብቀኛል። ለመገላገል ብዬ፣ "በቃ፣ እኔ ዋስ እሆንዎታለሁ" አልኳቸው። ቀልዴን ነው። ሽያጭ ላይ የቆመ ሰው "እኔ አለሁልዎት" ሳይል የሚውልበት ቀን የለም። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"ስምሽ ማነው?"

"ቤዛ።"

"በይ እንግዲህ። ቤዛ ተብለሽ ዋስ አልሆንም ብትዪ ሰው ይስቅብሽ ነበር።" ትንሽ አሰብ አደረጉና የጋራንቲዋን ወረቀት በጣታቸው ነካ አደረጉ። "ይቺ መቼ ነው የምትቃጠለው?" ትኬት ቆራጭ ናቸውና ጊዜው የሚያልፍበት ወረቀት ሁሉ ለሳቸው የሚቃጠል ነው።

"ዓመት ሲሞላት።"

"አንቺስ?"

"እኔ አልቃጠልም ጋሼ" አልኳቸው።

እጃቸውን ዘረጉ፤ ተጨባበጥን። ተጨማሪውን ዋስትና ሳይገዙ ፍሪጇን አስጭነው ሄዱ። አለቃዬ መጥቶ "ምን ሆነሽ ነው ያለፉሽ?" አለኝ። "ሌላ ዋስ አላቸው" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ በተቀበሉ ቁጥር ብቅ ይላሉ። ምንም አይገዙም። "ዋሴን ልጠይቅ ነው የመጣሁት" ይላሉ። ወንበር ብሰጣቸው አይቀመጡም። "ትኬት ቆራጭ ከተቀመጠ ግማሹ ሰው ሳይከፍል ይወርዳል" ይሉና እግራቸውን ከፈት አድርገው ይቆማሉ፤ አንዳንዴ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ላይ ይሄዳል፣ የአውቶቡሱን ብረት ሊይዝ። በሩ ላይ ሰው ከተጠጋጋ ደግሞ አያስችላቸውም። "ጠጋ ጠጋ በሉ! ወደ ውስጥ ግቡ፣ መሀሉ ባዶ ነው!" ይላሉ። ደንበኞቹም ደንግጠው ይገባሉ። እኔ ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው። አንድ ጊዜ አለቃዬ እንኳ ሳያውቀው ሁለት እርምጃ ጠጋ ብሏል።

ስለ ዋስ ነገር ሲያወሩ ግን ጨዋታው ይቀርና ድምፃቸው ዝቅ ይላል። በወጣትነታቸው ለአንድ የሥራ ጓደኛቸው ዋስ ሆነው ነበር። ሰውየው ጠፋ። እሳቸው "አምጣ" ተብለው ተይዘው ጣቢያ ሰነበቱ።

"ተገኘ?" አልኳቸው።

"የት ተገኝቶ! ቆይተው ለቀቁኝ።"

"ታዲያ ከዚያ በኋላ ዋስ መሆን አልጠሉም?"

"ኧረ! ከዚያ በኋላ ለስንቱ ሆኛለሁ። ለሠፈሩ ልጅ ሥራ ሲገባ፣ ጎረቤት ሲጣላና ጣቢያ ሲገባ፣ ና መኩሪያ ነው። ልጅ አልወለድንም፤ ስሜን ለዚህም ካልሰጠሁት ምን አደርገዋለሁ?" ቀጠሉና፣ "የከፋኝ መታሰሬ አይደለም። ፖሊሱ በሬን አንኳኩቶ ስሜን ሲጠራ የዘነበችን ፊት አይቻለሁ። ዋስን መጥራት ከባድ ነገር ነው ልጄ። ጠሪው አይታወቀውም" አሉኝ።

ሰምቼ አለፍኩት። ያኔ የሽማግሌ ጨዋታ ነበር የመሰለኝ።

የፍሪጇ ጋራንቲ በተቃጠለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንዲህ ሆነ። አንዲት ሴትዮ ልብስ ማጠቢያዋ ቆመባትና መጣች። ተጨማሪውን ዋስትና ከኔው ነው የገዛችው። ሊያዩላት የሄዱት ሰዎች "የመብራት መዋዠቅ ነው ያበላሸው፤ ዋስትናው ይሄን አይሸፍንም" ብለዋት ተመልሰዋል። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ "ምኑን ነው ታዲያ የሚሸፍነው? ኮልፌ ውስጥ መብራት የማይዋዥቅበት ቤት አለ?" እያለች ትጮኻለች። ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ወደ አለቃዬ ዞሬ፣ "እኔ ስሸጥላት መብራትን አይጨምርም አልተባልኩም፤ ልንረዳት ይገባል" አልኩት።

እሱም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "አንቺ የደንበኛ ዋስ ነሽ ወይስ የኛ ሠራተኛ? ዋስ መሆን ካማረሽ ውጪ ቆመሽ ሁኚ!" አለኝ።

ዋስ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ሲወረውርብኝ ዓይኔ ሳላስበው ወደ በሩ ሄደ። ጋሽ መኩሪያ ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከቀትር በኋላ ነው፣ የጡረታም ቀን አይደለም። ዓይኔን በመዳፌ ጠራርጌ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ምነው በዚህ ሰዓት? ደህና ነዎት?"

አፋቸውን ከፈት አደረጉ። መልሰው ዘጉት። ሴትዮዋን አዩ፤ አለቃዬን አዩ፤ እኔን አዩ።

"የለም፣ የለም። በዚህ ሳልፍ ነው። ሰላም ልልሽ።"

"ፍሪጇስ?"

"እንዳንቺ ናት።"

"እንደኔ ማለት?"

"ትሠራለቻ! ምን ትሆናለች?" አሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ወጡ። አስፋልቱን ሲሻገሩ በመስታወቱ አየኋቸው፤ መሀል ላይ ቆም ሲሉ ታክሲ ጥሩምባ ነፋባቸው።

ብዙም ሳይቆይ ፔርሙዝ መያዝ ጀመሩ። ከዚያ በፊት በወር አንዴ የሚመጡት ሰውዬ አሁን ጠዋት ጠዋት ማለፍ ጀመሩ። ከቀራንዮ በታክሲ ይመጣሉ፤ ያቺን ሰማያዊ ፔርሙዝ በብብታቸው ሸጉጠው በሩ ላይ ይቆማሉ። "ዋሴ! እንዴት አደርሽ?" ይላሉ። ሐኪም እንቅስቃሴ አዝዟቸው ነው ብዬ ነበር። ደስ አለኝ እንጂ ምን እላለሁ? በጠዋት አንድ ሰው ስሜን ጠርቶ እንዴት አደርሽ ሲለኝ ቀኔ ይቃናል።

"ጋሼ፣ ሻይ ነው የያዙት? አያቀምሱኝም?" እላቸዋለሁ።

"ይሄ ላንቺ አይሆንም።"

"ስስታም!"

"አንድ ቀን ከዚህች ሻይ እቀዳልሻለሁ። ቃሌ ነው።"

"ዋስ አለዎት?"

"አንቺው ነሻ!" ይላሉ፤ ሁለታችንም እንስቃለን።

ሁልጊዜም እጠይቃቸው ነበር። "ፍሪጇስ?" እላለሁ። "እንዳንቺ ናት" ይላሉ። እየቆየ ሰላምታችን ሆነ፤ እኔ "ፍሪጇስ?" ሳልል፣ እሳቸውም "እንዳንቺ" ሳይሉ አንለያይም። ክረምት ሲገባ እንኳ አልቀሩም። አንድ ጠዋት ያ የኮልፌ ዝናብ አስፋልቱን ወንዝ አድርጎት፣ ጫማቸው ረጥቦ፣ ከኮታቸው ውሃ እየተንጠባጠበ መጡ። ፔርሙዟን በላስቲክ ጠቅልለዋታል። "በስመ አብ! ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ ለሰላምታ ይመጣል?" ብዬ ተቆጣኋቸው። "አውቶቡስ ዝናብ ነው ብሎ ይቀራል እንዴ?" አሉኝና አሳላቸው። ሳሉ ከዚያ ወዲያ አልለቀቃቸውም።

እና ሙላት ያን ጠዋት ያን ነገር ነገረኝ።

ለቅሶው ቀራንዮ ነው፣ ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ። ቤታቸውን አላውቀውም ነበር። "የመኩሪያ፣ የትኬት ቆራጩ" ስል አንዲት ሴትዮ በእጇ ድንኳኑን አሳየችኝ። ወደ ቤት ስገባ በጥቁር ነጠላ የተከናነቡ ሴቶች ዘወር ብለው አዩኝ፤ አንዷም በሹክሹክታ "ማን ልበል?" አለችኝ። እውነትስ ማን ነኝ? ከሱቅ ነኝ ልበል? ፍሪጅ የሸጥኩላቸው ልበል? ፍራሽ ላይ የተቀመጡት እትዬ ዘነበች ግን ቀና ብለው አዩኝ፤ አይተውኝ አያውቁም።

"ዋሱ ናት" አሉ።

ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ጠጋ ጠጋ ሲሉ የሳቸው ድምፅ መጣብኝና እዚያው አለቀስኩ።

ትንሽ ጋብ ሲልልኝ ክፍሉን አየሁት። ጥግ ላይ ፍሪጇ አለች። ላይዋ ላይ ዳንቴል ተነጥፎባታል፤ የእጀታዋ ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። አንዷ ዘመድ ለእንግዳ ውሃ ልትሰጥ ተነሥታ በሯን ከፈተች። ከውስጥ ብርጭቆ አወጣች። ብርጭቆ! ቀረብ ብዬ ሳይ ሳህን ተደርድሮባታል፤ ከታች ጫማ ተቀምጧል፤ መሀል ላይ የታጠፈ ነጠላ። የውስጥ መብራቷ አልበራም። "መብራት ጠፍቶ ነው?" አልኩ፤ ከራሴ በላይ አምፖሉ እየበራ።

እትዬ ዘነበች እጄን ሳብ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"እንዳትናደጂበት" አሉኝ።

"መቼ ነው የቆመችው?"

"ያን ቀን ሊነግርሽ መጥቶ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቷ አለችና ቆመች። 'ዋስ አለኝ፣ ምን ያስደነግጥሻል?' ብሎኝ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ሲመለስ ግን ዝም አለ። ጠየቅኩት። 'ልጅቷ በሰው ዕቃ ስትሰደብ ደረስኩ፤ እኔ ደግሞ ልጨመርባት? ዋስን መጥራት ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም?' አለ። በማግስቱ ፔርሙዟን አንስቶ ወጣ።"

ከነጠላቸው ሥር ፔርሙዟን አወጡ። ሰማያዊዋን። ክዳኗን ከፍተው አሳዩኝ፤ በረዶ፣ መሀሉ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ጠርሙስ። የመርፌያቸው መድኃኒት ናት።

"ሙላት የሚባለው ልጅ ነው በረዶውን የሚሰጠው። ከጁስ ቤቱ። ዛሬ እንኳ የጎረቤት ልጅ ሄዳ አምጥታልኛለች።"

ለካ ሙላት የሚያውቃቸው ከዚያ ነው። ለካ እኔ ጋ የሚመጡት በረዷቸውን ይዘው ሲመለሱ ነው።

"በረዶ ፍለጋ ጦር ኃይሎች ድረስ?" አልኩ። "እዚህ አካባቢ በረዶ የለም?"

"እኔስ አላልኩትም መሰለሽ? እዚሁ ሥጋ ቤቱ አይከለክለውም፤ ራሱ ባለቤቱ ና ውሰድ ብሎታል። 'የዋሴን ፊት አይቼ ልምጣ' ይለኛል። 'እሷን ካየሁ ፍሪጇም ያለች ይመስለኛል' ይለኛል።" ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ስለ ዝናቡ አላነሱም። እኔም አላነሳሁም።

ከለቅሶው ስመለስ ታክሲ ውስጥ ተናድጄ ነበር። አዎ፣ በሞተ ሰው ተናድጄ። ምነው ጋሼ? ምነው አንድ ቃል ቢተነፍሱ? "ቆመች" ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆመው "እንዳንቺ ናት" ሲሉኝ እኔ እንደ ሞኝ እስቃለሁ። የመጀመሪያ ቀን ሲሉኝ ግን አልቅሼ ነበር፤ ዓይኔ ቀልቶ ነበር። ያኔ እውነታቸውን ነው የተናገሩት። እንደኔ ነበረች፣ ተሰብራ።

ብዙ አሰብኩበት። ወረቀት አያፍርም ብለውኝ ነበር፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ወረቀትን የሚያፍርም የለም። ያን ተጨማሪ ዋስትና ገዝተው ቢሆን ኖሮ እንደዚያች ሴትዮ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ይጮኹ ነበር። የኛ ሰዎች "መብራት ነው" ብለው ይመልሷቸው ይሆናል፤ አይመልሷቸውም ይሆናል። ግን ይጮኹ ነበር! እኔም እሰማ ነበር። ሰው ሆኜ ዋስ ስለሆንኩ ዝም አሉኝ። ለኔ አዝነው እኔን የጸጸት ሰው አደረጉኝ፤ ይሄንስ አላሰቡትም።

አሁን ደንበኛ "አንቺ ብትሆኚ ትገዪው ነበር?" ሲለኝ መልስ አለኝ። "ሰው ማስቸገር ይከብድዎታል?" ብዬ እጠይቃለሁ። የማይከብደው ከሆነ፣ "ይተዉት፤ ዕቃው ሲበላሽ መጥተው እኔን ይጩኹብኝ" እለዋለሁ። አንዳንዱ ግን ፈገግ ብሎ መሬት መሬት ያያል፤ "ኧረ እኔስ ሰው አላስቸግርም" ይላል። ያን ጊዜ፣ "እንግዲያው ይግዙት። ለእርስዎ የተሠራ ነው" እላለሁ። አለቃዬ አነጋገሬ ባይገባውም ወረቀቷ ስለምትሸጥ ዝም ብሎኛል።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ እሑድ ዕለት የሱቃችንን ቴክኒሺያን ደረጀን ይዤ ቀራንዮ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። እትዬ ዘነበች "ተዪው ልጄ፣ ለምዶብኛል" አሉ፤ አልሰማኋቸውም። ሳህኑን፣ ጫማውን፣ ነጠላውን አወጣን። ከታችኛው መደርደሪያ ጋሽ መኩሪያ በሥራ ዘመናቸው ያደርጉት የነበረው መለዮ ወጣ፤ እትዬ ዘነበች ተቀበሉኝና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ደረጀ ፍሪጇን አዙሮ ከኋላዋ ፈታ ፈታ አደረገና አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር በሁለት ጣቱ ይዞ አሳየኝ።

"ሞተሯን የምታስነሣው ዕቃ ናት። ተቃጥላለች።"

"ይቺ ብቻ?"

"ይቺ ብቻ። ሌላ ምንም የላት።"

ወደ ግቢው ወጣሁና አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ስመለስ ደረጀ ከቦርሳው ሌላ ገጥሞላት ነበር። ሶኬቱን ሰካው። ፍሪጇ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና ማንጎራጎር ጀመረች፤ በሯን ስከፍተው መብራቷ ቦግ አለ። እትዬ ዘነበች የድምፁን ነገር ረስተውት ኖሮ ደነገጡ። "ዝም አሰኙልኝ" አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ "ተዉት፣ ተዉት። ይሁን" አሉ።

ጠርሙሷን ከፔርሙዟ አውጥቼ፣ ጨርቋን ፈትቼ፣ ፍሪጇ በር ላይ አስቀመጥኳት። በረዶውን ግቢው ውስጥ ደፋሁት።

"ይልቅ ጋራንቲዋ ተቃጥሎ የለም እንዴ?" አሉኝ እትዬ ዘነበች። "ማን ብሎ ነው የምትሠሩላት?"

"የተቃጠለው የወረቀቱ ነው እትዬ" አልኳቸው። "እኔ አልቃጠልም ብያቸው ነበር።"

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ መለዮውን ከጭናቸው አንስተው አልጋው ላይ አኖሩ፣ ፔርሙዟን ይዘው ወደ ማብሰያው ሄዱ። በፈላ ውሃ ሲያለቀልቋት እሰማለሁ። ሲመለሱ እንፋሎቱ የሚወጣ ሻይ ተሞልታ ነበር። ለደረጀ ቀዱለት፤ ለኔም ቀዱልኝ።

"አደራ ብሎኛል" አሉ። "'ፍሪጇ የተሠራች ዕለት ለዋሴ ከዚህች ሻይ ቅጂላት፤ ቃል አለብኝ' ብሎኛል።"

ሻዩ ትንሽ ጨርቅ ጨርቅ ይላል። አሟጥጬ ጠጣሁት፤ ብርጭቆዬንም ዘረጋሁ፣ እንዲጨምሩልኝ።